ከሣር ይልቅ ምን ሆነች? የሳፎ ቁራጭ 31

ማታ ተማሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቀን ቀን ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ጥንታዊ ግሪክኛ ለብቻዬ እማራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አስተማሪ የለኝም። ያለኝ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ሰዋስው፣ አንድ መዝገበ ቃላትና ሁለት የሞሉ ደብተሮች ናቸው። ሆሜርን ጀምሬ ነበር፤ ርዝመቱ ገደለኝ። ከዚያ ሳፎን አገኘሁ። የሷ እንኳን ሊረዝም፣ አብዛኛው ግማሽ ስንኝ ነው።

ለማታውቋት፣ ሳፎ የሌስቦስ ደሴት ገጣሚ ናት። የኖረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ ነው። ግጥሞቿ ክራር በመሰለ ሊራ የሚዜሙ ነበሩ። የእስክንድርያ ሊቃውንት ሥራዋን በበርካታ ጥቅሎች ሰብስበውት ነበር። ዛሬ ያለ ጥርጥር ሙሉ የሚባል ግጥም አንድ ብቻ ቀርቷል። ሌላው ቁርጥራጭ ነው።

የያዝኩት ቁራጭ 31 የሚባለውን ነው። እስካሁን እዚህ አድርሼዋለሁ፦

ያ ሰውዬ ከአማልክት እኩል መሰለኝ፣
ፊት ለፊትሽ የተቀመጠው፣
ከቅርብ ሆኖ ጣፋጭ ንግግርሽን
ያንን የሚያስጎመጅ ሳቅሽን የሚሰማው።
ይኸው ነው ደረቴ ውስጥ ልቤን ያስበረገገው።
አንዴ ቀና ብዬ ካየሁሽ ድምፄ የለም፤
ምላሴ ተሰበረ፤
ስስ እሳት ከቆዳዬ ሥር ሮጠ፤
ዓይኔ አያይም፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣
ላብ ያጠምቀኛል፣ ሁለንተናዬን መንቀጥቀጥ ይዞታል፣
ከሣር ይልቅ ______ ነኝ፣
ለመሞት ጥቂት የቀረኝ ይመስለኛል።
ግን ሁሉም ይቻላል፣ ድሃም ቢሆን...

እዚያ ላይ ይቋረጣል። እኔ አይደለሁም ያቋረጥኩት።

ባዶው ቦታ ላይ ያለው ቃል የመጣው “ኽሎሮስ” ከሚለው ነው። መዝገበ ቃላቱ አረንጓዴ ይለዋል፣ ቢጫማ ይለዋል፣ የገረጣ ይለዋል፣ ደግሞ ትኩስና እርጥብ ይለዋል። “አረንጓዴ ነኝ” ብዬ ብጽፍ ሰው ይስቅብኛል። “ገረጣሁ” ካልኩ ደግሞ ሣሩ ምን ሊሠራ መጣ? በአማርኛ እንደ ሣር ገረጣ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሐሳብ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ሲስተር ትግ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡32

ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ዓይን ይጨልማል፣ “ልሞት ነው” ይላል። ተረኛ ሆኜ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣልኝ መጀመሪያ አስተኛዋለሁ፣ ከዚያ ግፊቱን እለካለሁ፣ ኢሲጂ አነሳለሁ። ፍቅር ነው ብዬ ካርዱ ላይ አልጽፍም 😄

ስለ ቀለሙ ግን የማውቀውን ልናገር። ራሱን ሊስት የደረሰ ሰው፣ በኛ መልክ ላይ ነጭ አይሆንም። ከንፈሩ መጀመሪያ ይሄዳል። ከዚያ ከዓይኑ ሥርና ካፉ ዙሪያ ጠይምነቱ ይጠፋና ወደ አመድነት ይሄዳል። አንዳንዱ ላይ አረንጓዴ ነገር አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው። “አመድ መሰለ” ነው የምንለው። ስለዚህ ሴትዮዋ አልተሳሳተችም፣ አይታዋለች።

ማዕዘን ቅንፍ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

ሲስተር፣ በጥንቱም ዘመን እንዳንቺ ያለ ባለሙያ ነበር። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርኮስ ይተርከዋል። አንጥዮኮስ የሚባል ልዑል አልጋ ይዞ ይተኛል። ኤራሲስትራቶስ የሚባለው ሐኪም አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ ልጁ ምን እንደሚሆን ያያል። ወጣቷ እንጀራ እናቱ ስትገባ ምላሱ ይያያዛል፣ ያልበዋል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ልቡ ይዛባል፣ በመጨረሻም ይገረጣል። ፕሉታርኮስ እነዚህን የሳፎ ምልክቶች ብሎ ነው የሚጠራቸው። ግጥሙ ለምርመራ ዋለ ማለት ነው።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ ግጥሙ እንዴት እንደተረፈ መጀመሪያ መታወቅ አለበት። ይኼን ያህሉን ያገኘነው ከአፈር ተቆፍሮ አይደለም። ሎንጊኖስ ብለን የምንጠራው ሰው ስለ ከፍ ያለ አነጋገር ሲጽፍ ለምሳሌነት ጠቀሰው። የሱ ነጥብ እነዚህን ሁሉ ምልክቶች መርጣ ባንድ ቦታ እንዴት እንዳጨቀቻቸው ማሳየት ነበር። ነጥቡን ጨረሰ፣ መጥቀሱንም ተወ። የቀረውን ግጥም በቃሉ የሚያውቅ አንባቢ እንዳለው እርግጠኛ ስለነበረ ይሆናል።

የሎንጊኖስ መጽሐፍ ራሱ የቆመው ፓሪስ ባለ አንድ የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራና ላይ ነው። ገልባጩ ግሪክኛ ያውቃል፤ የሌስቦስን ዘዬ ግን አያውቀውም። ስለዚህ “ድሃም ቢሆን” የሚለው ስንኝ ተበላሽቶ ነው የደረሰን። አሳታሚዎች እንዲህ ያለው ቃል ግራና ቀኝ የመስቀል ምልክት ያደርጋሉ። “እዚህ ጋ እጅ ሰጥተናል” ማለት ነው።

“ምላሴ ተሰበረ” የሚለው ላይም መስቀል አለ። ሁለት አናባቢዎች ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ እሷ ይኼን ዓይነት ግጭት አታበዛም። ቃሉ ጥንት መጀመሪያው ላይ “ው” ድምፅ ነበረው፣ ግጭቱን የሚያብራራው እሱ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ምላስ ተሰበረ በሚለው ቦታ ላይ ምቱም ሆን ተብሎ ይሰበራል ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን ማመን ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝ ብቻ ግን እውነት አይሆንም።

ጠርጣራው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ወንድሜ ማታ ተማሪ፣ ትጋትህን አደንቃለሁ። ግን የራሳችን ባለቅኔዎች አልቀው ነው? ገና ያልታተመ ስንት ቅኔ በየደብሩ ተቀምጦ አንተ የሰው አገር ስባሪ ስትለቅም ታድራለህ። ደግሞ ሰምቻለሁ፣ ሴትዮዋን መጽሐፏን ያቃጠሉባት ቀሳውስት ናቸው ይባላል። ከተቃጠለ ነገር ምን ይገኛል ብለህ ነው?

ማታ ተማሪ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡20

ምሳ ሰዓቴ ላይ ነኝ፣ ቶሎ ልመልስ።

ጠርጣራው፣ ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ 🙂 አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ልሳምህ። አየህ ያደረግከውን? ያንን ሁሉ ጻፍኩ፣ ሴት መሆኔ ግን ከየትም አልታየም። “ነኝ”፣ “እማራለሁ”፣ “ይዣለሁ”፣ አንዱም አይናገርም። አማርኛ አንቺና አንተን ሳይለይ ውሎ አያድርም፤ “እኔ” ጋ ሲደርስ ግን ዝም ይላል።

ሳፎም እንደዚያው ናት። በግጥሙ የሚናገረው “እኔ” ሴት መሆኑን በግሪክኛው 13 ስንኝ ሙሉ አታውቅም። 14ኛው ላይ፣ ያቺ ያስቸገረችኝ ቃል ትመጣለች። “ኽሎሮቴራ”። መጨረሻዋ ላይ ያለችው “ራ” የሴት ናት። ከሣር ይልቅ የሆነችውን ስትሆን ነው ሴት መሆኗ የሚታወቀው። ስለዚህ ቃሏን በዋዛ ልለቃት አልችልም።

ማዕዘን ቅንፍ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡41

ጥሩ አይተሻል። አንድ ማስተካከያ፦ ብቻዋን አይደለችም። እዚያው ስንኝ ላይ፣ ከሷ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ “ሁለንተናዬን” ያልሽው ቃልም በግሪክኛው የሴት ነው። “ፓይሳን” ይላል። ቃል በቃል “ሁሏን” እንደማለት። ስለዚህ ሁለት ምስክር አለሽ።

የምትናገራት ሰው ሴት መሆኗ ግን ከላይ ከመጀመሪያው አንጓ ይታወቃል። “ጣፋጭ ንግግርሽን” የሚለው ላይ። እሱን አማርኛው በነፃ ሰጥቶሻል።

ማታ ተማሪ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡48

ኧረ! ሁለንተናዬን ብዬ አልፌዋለሁ። ደብተሬ ላይ በቀይ አስገባሁት። አመሰግናለሁ።

እንግዲያው የባሰውን ልንገራችሁ። ቁራጭ 1፣ ሙሉ ነው የተባለው፣ 28 ስንኝ ያለው። እዚያ የፍቅር አምላኳ አፍሮዲቴ ራሷ ወርዳ “ሳፎ ሆይ፣ ማን ነው የበደለሽ?” ብላ ትጠይቃታለች። እዚህ የምትወደው ማን እንደሆነ ጾታው አይነገርም። “ቢሸሽ ቶሎ ያሳድዳል፣ ስጦታ ባይቀበል ይሰጣል፣ ባይወድ ቶሎ ይወዳል” እያለ ይሄዳል፤ ግሪክኛው ግስ ወንድ ሴት አይልም። ከዚያ 24ኛው ስንኝ ላይ አንዲት ቃል፦ “ሳትፈልግም”። ሴት! እዚያ ጋ ነው የምታወጣው።

በአማርኛ ይኼ እንዴት ይሆናል? “ብትሸሽ” ያልኩ ሰዓት ገና ከጅምሩ አወጣሁት። “ቢሸሽ” ካልኩ ዋሸሁ። ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ሲስተር ትግ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

በአንቱታ ብታደርጊውስ? “ቢሸሹም ቶሎ ያሳድዳሉ፣ ባይወዱም ይወዳሉ”። ወንድ ሴት አይለይም።

ጠርጣራው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡44

ሲስተር በሞቴ 😂 ማን ነው አንቱ እያለ የሚያፈቅር? አማቷን ነው እንዴ የምታባብለው?

ማታ ተማሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሳቄ አላቆም አለ። ግን ሲስተር፣ ሞክሬዋለሁ። ደብተሬ ላይ አለ። አፍሮዲቴ የሰፈር እድር ሰብሳቢ መሰለችኝ።

ማዕዘን ቅንፍ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ጠርጣራው ያነሳው ማቃጠል መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር። ታሪኩ በሰፊው ይወራል፤ አንዳንዱ ቀን ቆርጦ 1073 ይላል። ማስረጃ የለውም። አንድ ነገር በማቃጠል ብቻ አይጠፋም። በዚያ ዘመን መጽሐፍ እንዲኖር የሚገለብጠው ሰው ያስፈልጋል። የሳፎ ዘዬ ለኋለኛው ግሪክ ተማሪ ከባድ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ የአቴናን ግሪክኛ ነው የሚያስተምረው። መጽሐፍ ከጥቅል ወደ ጥራዝ በተሻገረበት ጊዜ፣ ብዙ ሰው የማያነበው እዚያው በጥቅሉ ቀረ። አቃጣይ አላስፈለጋትም፤ ገልባጭ አጣች።

የተረፈው በሁለት በኩል ነው። አንዱ እንደ ሎንጊኖስ ያለ ሰው ሲጠቅሳት ነው። ብዙዎቹ ጠቃሾች ደግሞ ለግጥሙ ደንታ የላቸውም። አንዱ የሰዋስው ሰው “እናቴ ሆይ፣ ልሸምን አልቻልኩም፣ ናፍቆት ጣለኝ” የሚለውን ያስቀመጠው ስንኙ ምን ዓይነት ምት እንዳለው ለማሳየት ነው! ልጅቷ ሸማ ሥራዋን ትታ ስታለቅስ እሱ ቀለም (የቃሉን የድምፅ ክፍሎች) ይቆጥራል።

ሁለተኛው ግብፅ ነው። ኦክሲሪንከስ የምትባል ከተማ ነበረች፣ ዛሬ በህናሳ ይሏታል። ግሬንፌልና ሀንት የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ከ1896 መጨረሻ ጀምረው የከተማዋን የቆሻሻ ክምር ቆፈሩ። የቤት ኪራይ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ መሐል መሐል ላይ ሳፎ። ዝናብ ስለሌለ ወረቀቱ፣ ማለቴ ከደንገል የተሠራው ፓፒረሱ፣ አልበሰበሰም። በግማሽ ሚሊዮን የሚቆጠር ብጥስጣሽ ኦክስፎርድ ተቀምጧል፤ እስከ ዛሬ ገና እየታተመ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁራጭ 2 ደግሞ የተገኘው በፓፒረስ ሳይሆን በገል ላይ ነው። የተሰበረ ማሰሮ ገል አንስቶ የሳፎን ግጥም የጻፈበት ሰው ነበር። በ1937 ታተመ።

ማታ ተማሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

ከኦክሲሪንከስ ከወጡት ውስጥ እኔ ወድጄ የያዝኩት ግጥም እንኳ አይደለም። ቁጥር ነው። የመጀመሪያው መጽሐፏ ያለበት ፓፒረስ ላይ ገልባጩ ሲጨርስ ስንኞቹን ደምሮ ጽፏል፦ 1320። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ አላልኩም? ያ መጽሐፍ ሁሉም ባለ አራት ስንኝ አንጓ ነው። 1320 ለ4 ሲካፈል 330፣ ቀሪ የለውም። ልክ መጣ! ሂሳቡ ተዘግቷል፤ ንብረቱ ነው የጎደለው።

ሲስተር ትግ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ቆይ፣ ስምህ ለምን ማዕዘን ቅንፍ ሆነ?

ማዕዘን ቅንፍ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡51

ቀን ሙሉ የማየው እሱን ስለሆነ ነው። ፓፒረሱ የተቀደደበት ቦታ ላይ አሳታሚው ማዕዘን ቅንፍ ይከፍታል። ቅንፉ ውስጥ ፊደል ካለ፣ አሳታሚው ገምቶ የሞላው ነው። ባዶ ከሆነ አልደፈረም። ከፊደል ሥር ነጥብ ካለ፣ ቀለሙ ይታያል ግን ፊደሉ እርግጥ አይደለም።

ቁራጭ 16 ላይ ስለ አንዲት ሴት ትላለች፦

...] አሁን አናክቶሪ[ያን አ]ስታወሰ-
[ኝ፣ እዚህ የሌ]ለችውን

ቅንፎቹን ለአማርኛው ስል አንቀሳቅሻለሁ፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው። ሴትዮዋ የለችም። ስሟም ጫፉ ተቀዶ የለም። ይኼን ማንም አላቀደውም፤ ምናልባት አይጥ ነው ወይም ምስጥ።

ለዚህ ነው ክፍተቱን አትሙሉ የምለው። መሙላት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። ያለፈው ትውልድ አሳታሚዎች በግሪክኛ ራሳቸው ገጥመው የሞሏቸው ስንኞች አሉ፤ አዲስ ፓፒረስ ሲገኝ ብዙው ውድቅ ሆነ። እርጅና ላይ የጻፈችው ግጥም በ1922 በወጣው ፓፒረስ የስንኞቹ ጅማሬ የለም ነበር። በ2004 ጀርመን፣ ኮሎኝ ላይ የአስከሬን መሸፈኛ ሆኖ ከተለጣጠፈ ፓፒረስ ላይ የቀረው ተገኘና ገጠመ።

በ2014 የወጣው ስለ ወንድሞቿ የሚናገረው ግጥም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ግጥሙ የሷ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ተቀብለውታል። ከየት እንደመጣ ግን የተነገረው ታሪክ አላሳመነም፤ ስለዚያ የተጻፈውን ምዕራፍ አሳታሚው በ2021 ሰርዞታል። ስባሪ ስትለቅም ከማን ግቢ እንደለቀምክም ይጠየቃል።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ | ረቡዕ፣ ሌሊት 10፡40

ለማኅሌት ተነስቼ ነው ያየሁት። ወደ ቃሏ ልመለስ።

ጠርጣራው ወንድሜ፣ የሰው አገር ነው ያልከው ግሪክኛ ቤታችን ከገባ ቆይቷል። የግእዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። መዝሙር 67ን (በሌላው ቆጠራ 68 ነው) አስበው፦ “ወገበዋቲሃኒ በሐመልማለ ወርቅ”። የርግቢቱ ክንፍ በብር፣ ጎኗ በሐመልማለ ወርቅ። ሕፃን ሆኜ “ሐመልማል አረንጓዴ ከሆነ፣ ወርቅ እንዴት አረንጓዴ ይሆናል?” ብዬ የኔታን ጠይቄ በአለንጋ ተመልሻለሁ። ወርቅ በሳሳ ጊዜ የሚያወጣውን ቅጠልያ ነገር አላየሁማ።

አሁን ማታ ተማሪን አንብቤ የግሪኩን ዳዊት ከፈትኩ። ሐመልማል ባለበት ቦታ ያለው ቃል “ኽሎሮቴስ” ነው። ያው ሥር! አባቶች ይኼን ቃል ሲያገኙት ቀለም ብቻ አላደረጉትም። የቅጠል ልምላሜ፣ የወርቅ ጮራ፣ ሁለቱን ባንድ አስገቡ።

አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ቃሉ አስቸግሮታል። ራእይ 6 ላይ ሞት የተቀመጠበት ፈረስ በግሪክኛ “ኽሎሮስ” ነው፤ አማርኛው “ሐመር ፈረስ” አለው። ሁለት ምዕራፍ አልፈህ ራእይ 8 ላይ ደግሞ ያው ቃል ለሣር ይመጣል፤ አማርኛው “የለመለመ ሣር” ይለዋል። አንዱ ቃል ከሞት ጋር ሲሆን ይገረጣል፣ ከሣር ጋር ሲሆን ይለመልማል። የናንተዋ ሴትዮ ደግሞ ሣርንና ሞትን ባንድ ትንፋሽ ጠራቻቸው።

ስለ ቁራጭም፣ ሄኖክን አውሮፓ የሚያውቀው በግሪክኛ ጥቅስ ብቻ ነበር። ሙሉው በግእዝ እኛ ጋ ነበር፤ ጀምስ ብሩስ በ1773 ይዞት አውሮፓ ገባ። ስለዚህ ስባሪ የሚለቅም ሰው አይናቅም። ሙሉው የት እንዳለ ማን ያውቃል።

ማታ ተማሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡05

መሪጌታ (ልበልዎት፣ አላውቅም)፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አንብቤው ከምወርድበት አለፍኩ። ሐመልማል! በየበዓሉ እየሰማሁት።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

መሪጌታ አልደረስኩም፣ አቋርጬ ሾፌር ሆኛለሁ። አንተ በይኝ።

አቴና ነኝ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡15

ሰላም ልጆች። እኔ እዚህ አቴና ስኖር 17 ዓመቴ ነው። ጥንታዊውን አላውቅም፣ ያሁኑን ግን በኩሽና ነው የተማርኩት። አንዲት የ88 ዓመት ኪሪያ (እመቤት ማለት ነው) አስታምማለሁ።

ኽሎሮስ ዛሬም አለ። ቀለም ግን አይደለም። ሚያዝያ ላይ ገበያ ስሄድ “ኽሎራ ኩኪያ አምጪ” ይሉኛል። የባቄላ እሸት ማለት ነው። ያልደረቀ። ኽሎሮ ቲሪ ደግሞ ገና ያልበሰለ ለጋ አይብ ነው። ተረትም አላቸው፣ ቃል በቃል “ከደረቁ ጋር ኽሎራውም ይነዳል”። ስሰማው ደነገጥኩ፤ የኛው “በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል” እኮ ነው። ስለዚህ ለኔ ኽሎሮስ እርጥብ ነው። እሸት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እዚህ አገር ሣር ስትሉ የሰኔን ጭቃ አታስቡ። እስከ ሚያዝያ ድረስ አረንጓዴ ነው፤ ሐምሌ ላይ ስትወጡ ሁሉም ገለባ ነው። የቡና ቄጤማ በማግስቱ የሚሆነውን ታውቁ የለ? እንደዚያ። አረንጓዴው ገና አልሄደም፣ ግን ሊሄድ ነው።

ሌስቦስ ሲባል ደግሞ እኔ ትዝ የሚለኝ ግጥም አይደለም። ሞሪያ ነው። በ2020 የተቃጠለው የስደተኞች ካምፕ። እዚያ የነበሩ ሰዎች አውቃለሁ። ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣሁ።

ጠርጣራው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እሺ፣ ተሸነፍኩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ምቱ እንዴት ነው? እኔ ግጥም እሞክራለሁ፣ እሱ ነው የሚገባኝ።

ማዕዘን ቅንፍ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡18

ሦስት ስንኝ እያንዳንዳቸው 11 ቀለም፣ አራተኛው 5 ቀለም። የነሱ ግን ቆጠራ ብቻ አይደለም፤ ረጅምና አጭር ቀለም በተወሰነ ቅደም ተከተል ይመጣል። አማርኛ ያንን አያደርግም።

ጠርጣራው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ታዲያ ያቺ አጭሯ 5 ቀለም የሰንጎ መገን ግማሽ ናት እኮ! ሰንጎ መገን 5 በ5 ነው። 11ዱ ደግሞ ከወል ቤት 6 በ6 አንድ ቀለም ብቻ ይጎድለዋል። ማታ ተማሪ፣ “ለመሞት ጥቂት የቀረኝ ይመስለኛል” ያልሽው ተንዛዛ። ሰው እየሞተ እንደዚህ አያወራም። “ልሞት ነው መሰል” በይው። ቁጠሪ፦ ል፣ ሞት፣ ነው፣ መ፣ ሰል። አምስት።

ማታ ተማሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡47

ወሰድኩት። ያለ ክፍያ።

ሲስተር ትግ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

“ሁሉም ይቻላል” የሚለው ግን አደናገረኝ። ማድረግ ይቻላል ነው ወይስ ችግሩን ይቻለዋል?

ማታ ተማሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25

ሲስተር፣ እዚያ ላይ ብቻ ነው ምንም ያልለፋሁት። ግሪክኛው “ቶልማቶን” ይላል። መታገሥም ነው፣ መድፈርም ነው። ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል፦ ልትታገሥ ነው ወይስ ተነስታ ልታናግራት? ብዙ ቋንቋ አንዱን መምረጥ አለበት። እኛ “ቻለ” እንላለን፣ አለቀ። ቻይዋም ትችላለች፣ የምትችለውም ትችላለች። አደናገረሽ ማለት ልክ ነው ማለት ነው።

ማታ ተማሪ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡50

የደረስኩበትን ላስቀምጥ። ለሐመልማል ልቤ ሞቶ ነበር። ጻፍኩት፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ርግቢቱ መጣች። ማኅሌት ሰማሁ። ሴትዮዋ ከቤቷ ወጥታ ቤተ መቅደስ ገባች። እሸትም ሞከርኩ፤ “ከሣር ይልቅ እሸት ነኝ” ሲባል የምትኩራራ መሰለኝ። መጨረሻው እንዲህ ሆነ፦

ላብ ያጠምቀኛል፣ ሁለንተናዬን መንቀጥቀጥ ይዞታል፣
ከእርጥብ ሣር ይልቅ ገርጥቻለሁ፣
ልሞት ነው መሰል።
ግን ሁሉም ይቻላል፣ ድሃም ቢሆን

ማዕዘን ቅንፍ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡02

አንዷን ቃል ለሁለት ከፈልሻት። ሳፎ “እርጥብ” አላለችም፤ ሣር ብቻ ነው ያለችው። የሴትነቷ “ራ”ም ጠፍታለች።

ማታ ተማሪ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡06

አዎ፣ ከፈልኳት። ግማሹ ለሣሩ፣ ግማሹ ለፊቷ። “ራ”ን ማምጣት አልቻልኩም፤ “እኔ” ዝም ይላል ብያችኋለሁ። የተሻለ ካለህ አምጣ፣ እቀይረዋለሁ። ነጥቦቹን መጨረሻው ላይ ያጠፋሁት ግን አንተን ሰምቼ ነው።

ማዕዘን ቅንፍ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡20

የተሻለ የለኝም። ለጊዜው።

አቴና ነኝ | ዓርብ፣ ጠዋት 4፡30

ዛሬ ቁርስ ላይ ግሪክኛውን ከስልኬ ለኪሪያ አነበብኩላቸው። ባሁኑ አነጋገር ነው፣ ጥንታዊውን አላውቅበትም። ግማሹ አልገባቸውም። “ኽሎሮቴራ” ላይ ሲደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ድሃም” ብዬ ዝም አልኩ። ጠበቁኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ከእጄ ወሰዱና በጣታቸው ወደ ላይ ወደ ላይ ገፉት። ኔትወርክ የቆመ መስሏቸው ነው።